ስኒሽ ተለየ፣ መስኮቱ ግን እንደተዘጋ ነው

ጥያቄው አጠር ተደርጎ እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የሠራተኞች ካፌ፣ ወጥ ቤት ነው የምሠራው። የመንዝ ልጅ ነኝ። እዚህ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው። ከጥቅምት ጀምሮ ያስለኝ ነበር። ብርድ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ጥር ላይ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባልኩና መድኃኒት ጀመርኩ። ሁለት ወር ሲሞላኝ አክታዬ ታየና ነጻ ነው ተባለ። ጤና ጣቢያውም ሥራ መጀመር እንደምችል ጻፈልኝ። ወረቀቱን ለአስተዳደር ባስገባሁ ማግስት ግቢው በሙሉ ወሬዬን ሰማ። አለቃዬ ‹ስድስቱን ወር ጨርሺ፣ በዘመናዊው ማሽን ተመርመሪ፣ ራጅም ተነሺና ንጹሕ ነሽ የሚል ወረቀት አምጪ› አለኝ። ብለማመጠው ‹እሺ፣ ለጊዜው ግቢ ጥረጊ› አለ። የሥራ ባልደረቦቼ ስኒዬን ለዩት። ምሳ ላይ ስቀርብ ጠገብን ብለው ይነሳሉ። አንዷ ‹ልጆች አሉኝ፣ አትቀየሚኝ› አለችኝ። እውነት አሁንም አስተላልፋለሁ? ወጥ ቤት መመለስ መብቴ ነው? ወይስ ማንም ወደማያውቀኝ አገር ሄጄ ሥራ ልፈልግ?»

እህቴ፣ ለማንኛውም ዶክተር አይደለሁም። ጤና መኮንን ነኝ። ሥራዬ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የቲቢ ሕሙማንን መከታተል ነው። ጋዋን የለበሰን ሁሉ ዶክተር ማለት የአገራችን ወግ ነው፤ ይሁን።

ዋናውን ላስቀድም። ነገሩ እንደጻፍሽው ከሆነ፣ ማለትም መድኃኒቱን በየቀኑ ሳታቋርጪ ከወሰድሽና አክታሽ ከነጻ፣ ዛሬ ለማንም አታስተላልፊም። ለባልደረቦችሽም፣ አብረውሽ ለሚኖሩትም፣ ለዚያች እናት ልጆችም።

ሳንባ ነቀርሳ ትክክለኛው መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ የመተላለፍ አቅሙ ቶሎ ነው የሚወርደው። እኛ ዘንድ የተለመደው መለኪያ ሁለት ሳምንት ነው። አንቺ ሁለት ወር አልፈሻል። በዚያ ላይ የአክታ ውጤት በእጅሽ አለ። መድኃኒቱን የተላመደ ቲቢ የሚባል ሌላ ዓይነት አለ፤ እሱ ሕክምናውም ይለያል፣ ወደ ሥራ የመመለሻው መለኪያም ይጠብቃል። ያንቺ እሱ ቢሆን ኖሮ ግን የሚሰጥሽ መድኃኒት ሌላ ይሆን ነበር፤ በሁለት ወርም ሥራ ጀምሪ የሚልሽ አልነበረም።

አሁን ወደ ስኒሽ ልምጣ። የቲቢ ጀርም የሚጓዘው በአየር ነው። ሳንባው የታመመና ገና ያልታከመ ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲዘፍን፣ ጮክ ብሎ ሲያወራ በጣም ደቃቅ ጠብታ ከሳንባው ይወጣል። ጠብታው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ተንሳፍፎ ሊቆይ ይችላል። ሌላው ሰው የሚያዘው ያንን አየር ደጋግሞ ሲስብ ነው። ቡና ሲፈላ የሚጨሰውን ዕጣን አስቢው። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሽታው ማንንም አይምርም። በርና መስኮት ሲከፈት ወዲያው ይሳሳል። ከስኒው ግን ዕጣን የሚጠጣ ሰው የለም። ቲቢም በስኒ፣ በማንኪያ፣ በትሪ፣ በጉርሻ፣ በመጨባበጥ፣ በልብስ ወይም በመጸዳጃ ቤት አይተላለፍም። የሠራሽው ወጥ ውስጥም አይገባም።

ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ነገሩን የሚያባብስ አንድ ነገር አለ። ከተማዋ የተቀመጠችው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ውርጩን ታውቂዋለሽ። ሰው በሩን ይቆልፋል፣ የመስኮቱን ክፍተት በጨርቅ ይወትፋል። ፋብሪካው ሰው እየሳበ ስለሆነ የኪራይ ቤቱም ሦስት አራት ሆኖ መኖር ሆኗል። ብርድ በራሱ ቲቢ አያመጣም። ግን መስኮት ያስዘጋል። በዚያ ላይ ሳል ሁሉ «ብርድ ነው» እየተባለ ይታለፋል። አንቺም ሦስት ወር የቆየሽው በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ብርድም ይሁን ሌላ መመርመር አለበት።

እውነቱን ልንገርሽ። ባልደረቦችሽ መጠንቀቅ የነበረባቸው ያኔ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ያኔ በአንድ ስኒ አብረውሽ ጠጥተዋል። አጉርሰውሻል። መስኮቱ ተዘግቶ አብራችሁ ተሳስቃችኋል። ማንም አልፈራም፤ በሽታው ገና ስም አልወጣለትማ! ስሙ ሲታወቅና አደጋው ሲያልፍ ፍርሃቱ መጣ። በሥራዬ ደጋግሜ የማየው ይህንኑ ነው። በዚያ ፋብሪካ ውስጥ ዛሬ ሊያስፈራ የሚገባው «ብርድ ነው» እያለ የሚያስለውና ያልተመረመረው ሰው ነው። አንቺማ የታወቅሽ፣ የታከምሽ፣ አክታሽ የታየ ነሽ። በዚያ ካፌ ውስጥ ስለ ሳንባው የሕክምና ማስረጃ የያዘ ሌላ ሰው መኖሩንም እጠራጠራለሁ።

ስኒ የሚለዩትን ግን ክፉ አድርገሽ አትያቸው። ለቲቢ የመጀመሪያው ውጤታማ መድኃኒት፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ የተገኘው እንደ ፈረንጆቹ በ1943 ነው። ከዚያ በፊት ሐኪም ዘንድ ቢኬድም የሚሰጠው ምክር ዕረፍትና ምግብ ነበር። አያቶቻችን የሚያስለውን ሰው ጓዳ ለይተው፣ ዕቃ ለይተው ያስቀመጡት ሌላ መላ ስላልነበራቸው ነው። መድኃኒቱ ከመጣ ብዙ ዘመን ሆነው። ልማዱ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ሌላም በሹክሹክታ የሚወራ አለ። ቲቢ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው «ያ በሽታ አለባት ማለት ነው» ይላል። እኛ የቲቢ ሕመምተኛን ሁሉ የኤች አይ ቪ ምርመራ እናቀርብለታለን፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ሕክምናው ስለሚለይ ነው። ቲቢ የያዘው ሁሉ ኤች አይ ቪ አለበት ማለት አይደለም። ውጤትሽ ምንም ይሁን ምን የአንቺና የሐኪምሽ ነው። አለቃሽን አይመለከተውም።

አለቃሽ ሦስት ነገር ጠይቋል። ሦስቱም የጥንቃቄ መልክ አላቸው። አንዱም ግን ቦታው ላይ አይደለም።

«ዘመናዊው ማሽን» ያለው ጂን ኤክስፐርት የሚባለውን መሰለኝ። ጎበዝ ማሽን ነው። በሽታው መኖሩንና ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋና መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑን በሁለት ሰዓት ገደማ ይናገራል። የሚፈልገው ግን የጀርሙን ዘረመል ነው። ጀርሙ በሕይወት ይኑር ወይም ይሙት አይለይም። መድኃኒት የገደለው ጀርም ቅሪት ከሳንባ ተጠርጎ እስኪያልቅ ጊዜ ይወስዳል። ማሽኑ ያንን ቅሪት አግኝቶ «ቲቢ አለ» ሊል ይችላል። ስለዚህ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው በዚህ ማሽን አይከታተልም። ክትትሉ አክታን በማይክሮስኮፕ በማየት ነው፤ ያንቺም የታየው በዚያው መሆን አለበት። አለቃሽን ለማስደሰት ብለሽ የትም ሄደሽ በማሽኑ አትመርመሪ። የሞተ ጀርም ቅሪት የሚያመጣብሽን ጣጣ ለማስረዳት ወራት ይፈጅብሻል።

ራጅም እንደዚሁ ነው። የዳነ ሳንባ ጠባሳ ሊይዝ ይችላል፤ ጠባሳው ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል። ዓረብ አገር ለመሄድ ሲመረመሩ በድሮ ጠባሳ የተመለሱ ልጆች ስላሉ፣ ሰዉ ራጅን የመጨረሻ ፍርድ ሰጪ አድርጎታል። ከስድስት ወር በኋላ ተነስተሽ ጠባሳ ቢታይ ምን ሊሉሽ ነው? ደግሞ ስድስት ወር ሊጨምሩብሽ?

ስድስት ወሩን በተመለከተ ያለው ስሕተት ደግሞ ከሁሉም የሰፋ ነው። ከስድስቱ ወር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት ወስደሻል። አሁን በቀሩት አራት ወራት ሁለት ዓይነት ትወስጃለሽ። የጀርሙ አብዛኛው ክፍል መጀመሪያ ላይ ያልቃል። ጥቂቱ ግን አድፍጦ ይቆያል። ረጅሙ ጊዜ የተቀመጠው ያ ያደፈጠው ተነስቶ በሽታው እንዳያገረሽብሽ ነው። ማለትም የሚጠብቀው አንቺን ነው። ሰው እንዳትበክዪ ተብሎ የተወሰነ የእስር ጊዜ አይደለም።

እስከ ሐምሌ ቤትሽ ብትቀመጪ የሚጎዳው ማን እንደሆነ በብር እናስላው። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ሆኖም ሕመምተኞቼ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ ክፍልን አንብቤዋለሁ። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ ነው። ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ጠቅላላው በ12 ወር ውስጥ ከስድስት ወር አይበልጥም። አንቺ ጥር ላይ ፈቃድ ከወጣሽ፣ «ስድስቱን ጨርሺ» ማለት ሦስት ወር ያለ ደመወዝ ተቀመጪ ማለት ነው። ከዚያም በላይ የዓመት የሕመም ፈቃድሽ ተሟጥጦ ያልቃል። ኅዳር ላይ ታይፎይድ ቢይዝሽ የምትወስጂው ፈቃድ አይኖርሽም። ጤነኛ ሆነሽ ሳለ የሕመም ፈቃድሽን አትጨርሺው። ይህን አስምሪበት።

አለቃሽ ግን ምንም መጠየቅ አይችልም ማለት አይደለም። በቂ ምክንያት ሲኖረው የጤና ምርመራ አድርጊ ሊልሽ ይችላል፤ የኤች አይ ቪ ምርመራን ግን እምቢ ማለት ትችያለሽ። ሐኪም የጻፈውን ወደ ጎን አድርጎ የራሱን የሕክምና መለኪያ ማውጣት ሌላ ነገር ነው። ግቢ ጥረጊ መባልሽም እንዲሁ የሚያልፍ ነገር አይደለም። ውልሽ ላይ ያለው ሥራ ወጥ ቤት ከሆነ፣ የሥራ ውል የሚሻሻለው በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሁለታችሁ የጽሑፍ ስምምነት ነው። በቃል «ለጊዜው» ተብሎ አይለወጥም። በጤና ምክንያት ማሰናበትም የሚቻለው ሠራተኛው ሥራውን ለመሥራት ለዘለቄታው የማይችል ሲሆን ነው። አንቺ እዚያ አጠገብም አይደለሽም። እግዚአብሔር አያድርገውና ቢያሰናብቱሽ፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ይጠሩኝ ይሆናል» እያሉ ስንቶች አሳልፈውታል!

በክስ ጀምሪ ግን አልልሽም። ፍርሃትን በክስ ማስወጣት ከባድ ነው። በእኔ ግምት የሚከተለው መንገድ ይሻላል።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያሽ ተመለሺ። የቲቢ ክፍሉን ባለሙያ አዲስ ደብዳቤ ጠይቂው። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ከዚህ ቀን ጀምሮ ለሥራ ብቁ ነች፣ ለሥራ ባልደረቦቿ ስጋት አይደለችም፣ ክትትሏን እንድትቀጥል በወር ለዚህን ያህል ቀን ፈቃድ ይሰጣት የሚል። የበሽታውን ስም መድገም አያስፈልግም። በፊተኛው ወረቀት ምን እንደደረሰብሽ አይተሻል። የምግብ ሠራተኞች የጤና ምርመራም ጊዜው ደርሶ ከሆነ አብረሽ አሠሪው። እሱ በዋናነት የሚያየው በምግብ የሚተላለፈውን፣ የአንጀት ትሉንና የታይፎይዱን ዓይነት ነው። ወጥ ቤት ለሚገባ ሰው ትክክለኛው ጥያቄ ያ ስለሆነ አለቃሽን ያረጋጋዋል።

ደብዳቤውን ስታስገቢ ኮፒሽ ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ፊርማ አስደርጊ። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ አንዱን ተመራጭ ይዘሽ ግቢ። ብቻሽን ስትገቢ ልመና ይመስላል። ከዚያም እምቢ ካሉ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው የከተማው ጽሕፈት ቤት አለ፤ ብዙ ጊዜ እዚያው በምክክር ያልቃል።

አንድ ነገር ግን አንቺም ተቀበዪ። ወጥ ቤቱ በእንጨት ወይም በኩበት የሚነድ ምድጃ ካለው፣ ለአንድ ሁለት ወር ከምድጃው ራቅ በዪ። ከበሽታ እያገገመ ያለ ሳንባ ጭስ አይወድም። እንጀራ መጋገሩን ለጊዜው ለሌላ ሰጥተሽ መክተፉን፣ ማቅረቡን፣ ሽሮውንና ሰላጣውን ያዢ። ይህንን አንቺው አስቀድመሽ ብታቀርቢው አለቃሽም ፊቱን የሚያድንበት በር ያገኛል፤ «ሥራ ቀየርንላት» ይላል። ግቢ መጥረግ ግን ለሳንባሽ ከወጥ ቤት የባሰ ነው። ለበሽተኛ አሰብን ብለው ጧት በብርድ አቧራ ያስውጡሻል፤ ምኑን አሰቡልሽ? ድካሙም አለ። ለወራት የታመመ ሰው ቀን ሙሉ ቆሞ መሥራት ያዞረዋል። ሙሉ ፈረቃ ከከበደሽ በደብዳቤው ላይ ለጥቂት ሳምንታት ቀላል ሥራ ይሰጣት ብሎ እንዲጨምር አድርጊ።

ጭምብል ላድርግ ወይ ብለሽ አልጠየቅሽም፣ ግን ትጠይቂያለሽ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተገቢ ነበር። አሁን አያስፈልግሽም። ካፌ ውስጥ ብቻሽን አድርገሽ ብትታዪ «አሁንም አለባት» የሚል ማስታወቂያ ይሆንብሻል። ስኒሽንም በምንም ምክንያት ራስሽ አትለዪ። እነሱ ከለዩት አትጣዪ። ለይተው ባስቀመጡልሽ ጠጪበት፣ እጠቢና ከሌሎቹ ጋር ደርድሪው። «እኔ ላይ እንዳይከብዳቸው» ብለሽ ከቤት የራስሽን ይዘሽ ከመጣሽ ግን ፍርሃታቸውን አንቺው ፈረምሽበት ማለት ነው።

«ልጆች አሉኝ» ያለችሽን ሴት አትቀየሚ። ይልቅ አነጋግሪያት፤ ከሁሉም በላይ ሊጠቅማት የሚችለውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ልጆቿ አንቺ ጋ ቀርበው አያውቁም። ያንቺ ቲቢ ወደ እነሱ ሊደርስ የሚችልበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እናታቸው ያኔ በተዘጋው ወጥ ቤት ውስጥ ተይዛ፣ ኋላ ራሷ ከታመመች። ስለዚህ ልጆቿን የሚጠብቃቸው የስኒው መለየት ሳይሆን የእሷ መመርመር ነው። ይህን እንደ ማስፈራሪያ አትንገሪያት። የተነፈሰው ሁሉ አይታመምም። ጀርሙ ከገባባቸው 100 ሰዎች በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው። የሌሎቹን ሰውነታቸው ይዞ ያስቀምጠዋል። ከፍ ያለ ስጋት ያለባቸው ሕፃናት፣ ኤች አይ ቪ ያለባቸው፣ የስኳር ሕመምተኞችና ምግብ የጎደላቸው ናቸው። ምርመራው ቀላል ነው። ሳል አለ ወይ፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ አለ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ምልክት ያለበት አክታ ይሰጣል። «እኔም ተመርምሬ ነው የዳንኩት፣ ብትፈልጊ አብሬሽ እሄዳለሁ» በያት። እንዲህ ተብላ ስኒ ለይታ የምትቀጥል ሰው ብዙም አላየሁም።

ለሌሎቹ አንቺ አስተማሪ መሆን የለብሽም። በየምሳው ራስሽን ስታስረጂ መኖር ያደክማል፤ ማንም ያንን ሊጠይቅሽ አይገባም። የጤና ጣቢያውን ባለሙያ በሻይ ሰዓት መጥቶ ስለ ሳል እንዲያስተምር ጠይቂው። ስምሽ አይነሳም። ግቢው በሙሉ የሚያስለውን ሰው የሚመለከት ትምህርት ይሁን። እግረ መንገዱን የካፌው መስኮት ከምሳ ሰዓት በፊትና በኋላ እንዲከፈት ይንገራቸው። ለአንቺ አይደለም፤ ገና ላልታወቀው ነው። ብርድ ነው ካሉም በርኖሳቸውን ደርበው ይቀመጡ።

ማንም ወደማያውቅሽ አገር መሄዱን በተመለከተ፣ አሁን አትሂጂ ነው ምክሬ። የምትሸሺው ወሬ ነው። የምታቋርጪው ደግሞ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ቤት ፍለጋው፣ ሥራ ፍለጋው፣ አዲሱ ጤና ጣቢያ፣ በዚህ መሃል ሁለት ሦስት ሳምንት ያልፋል። መድኃኒት ማቋረጥ ነው ቲቢን መድኃኒት የሚያላምደው። አንዳንድ ሰው «ቆላ ብወርድ ይሻለኛል» ብሎ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ሙቀቱ ደስ ይላል፣ ግን ቲቢ አያድንም። የግድ የምትሄጂ ከሆነ ከጤና ጣቢያሽ የዝውውር ወረቀት ሳትይዢ አትንቀሳቀሺ። መድኃኒቱ እዚያም በነጻ ይሰጥሻል። ለአዲሱ አሠሪም አክታሽ ከነጻ በኋላ የበሽታሽን ታሪክ ለመናገር አትገደጂም።

ለፋሲካ መንዝ ልትወጪ ትችያለሽ። ከመሄድሽ በፊት የምትቆዪበትን ቀን ለባለሙያው ነግረሽ መድኃኒቱን ተቀበዪ፤ ከቀኑም ጥቂት አስተርፊ፤ የእኛ መንገድ አይታመንም። ቤተሰብ «ጻድቃኔ እንውሰድሽ» ወይም «ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ግቢ» ቢል፣ ሂጂ። መድኃኒቱን ግን ይዘሽ ሂጂ፣ እዚያም ዋጪው። ጸበል የጀመረ ሰው መድኃኒቱን የሚያቆመው ሁለቱን ማጣላት እምነት መስሎት ነው። የምትጾሚ ከሆነ የነፍስ አባትሽን አማክሪ። ለሕመምተኛ ማቃለል የተለመደ ነው። ክኒኑ በባዶ ሆድ በውኃ ቢዋጥ ይሻላል፤ ጠዋት ከውኃ ጋር መዋጡን ሳታፍሪ ንገሪያቸው።

አንዳንድ ነገሮችን በአጭሩ። ሽንትሽና ላብሽ ብርቱካናማ የሚሆነው በሪፋምፒሲን ነው፤ ደም አይደለም፣ አትደንግጪ። ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ ማስመለስና ሆድ ቁርጠት ከመጣ ግን ጉበትሽ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሂጂ። በዚህ ምክንያት አረቄ እስከ ሐምሌ የለም። ጠላም ቢቀር ይሻላል። እጅና እግርሽ ከደነዘዘ ንገሪያቸው፣ ቫይታሚን ቢ6 ይሰጡሻል። የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስጂ ወይም ክንድሽ ላይ ያስቀበርሽ ከሆነ ሪፋምፒሲን ሊያዳክመው ስለሚችል ሌላ ዘዴ ጠይቂ። ይህን ሳይነገራቸው ያረገዙ አሉ። ምግቡ ላይ ውድ ነገር አያሻሽም፤ የገብስ ገንፎና በሶ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ሲፈሰክ እንቁላል። ክብደትሽ ሲጨምር የክኒኑ ልክ ስለሚታይ በየወሩ ተመዘኚ።

አክታሽ አምስተኛው ወር ሲሞላ፣ ሰኔ ላይ፣ እንደገና ይታያል። ሐምሌ ስትጨርሺም እንዲሁ። የመጨረሻው ነጻ ከሆነ መዝገብሽ ላይ «ድናለች» ተብሎ ይጻፋል። የዚያን ወረቀት ኮፒ ለአስተዳደሩ ስጪ። ዋናውን አንቺ ጋ አስቀምጪው። ወደፊት ራጅ ተነሺ የሚልሽ ቢመጣ ጠባሳው ከየት እንደመጣ የሚናገርልሽ እሱ ነው።

አብረውሽ የሚኖሩት ሁለቱ ጓደኞችሽ ግን ሐምሌን አይጠብቁ። ከጥቅምት እስከ ጥር ያንን ክፍል የተጋሩት እነሱ ናቸው። ተመርምረው ከሆነ አልጻፍሽልኝም። ካልተመረመሩ በዚህ ሳምንት አንቺ መድኃኒት ልትወስጂ ስትሄጂ ይዘሻቸው ሂጂ። ምርመራው በነጻ ነው።